ከበስተኋላ ቆሞ የመራ ሙዚቀኛ፤ ቻርልስ ሚንገስ በአጃቢነትና በባንድ መሪነት

አንድ ባንድ መድረክ ላይ ሲወጣ የተመልካቹ ዐይን በመጀመሪያ የሚያርፈው በድምፃዊው ላይ ነው፤ ድምፃዊ ከሌለም ትራምፔቱን ወይም ሳክስፎኑን ሽቅብ አንሥቶ በሚነፋው ተጫዋች ላይ ይሆናል። ከሁሉም ኋላ፣ ከድራሙ አጠገብ፣ ከራሱ ቁመት የማያንስ ባለክር መሣሪያ አቅፎ የሚቆመውን ሰው ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ይህ ሰው የቤዝ ተጫዋቹ ነው። ሥራው ማጀብ በመሆኑ ስሙ በሸክላው ልባስ ላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል እንጂ ጎልቶ አይወጣም። ይሁንና ሌላው ተጫዋች ሲሳሳት የሚሰማው የእሱ ስሕተት ብቻ ሲሆን፣ ቤዙ የተሳሳተ እንደሆነ መላው ባንድ ይናጋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቻርልስ ሚንገስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ የጃዝ ቤዝ ተጫዋች በመጀመሪያ በአጃቢነት፣ ቀጥሎም በባንድ መሪነት ያሳለፈውን የሥራ ሕይወት በአጭሩ ማስረዳት ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የሚያስተምር ሰው ስለ ጃዝ ሙዚቀኛ ለምን ይጽፋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ይህ ነው፤ ሚንገስ የመራው ባንድ በእርግጥም ትምህርት ቤት ነበር። ብዙ ታላላቅ ሙዚቀኞች የወጡበት፣ ነገር ግን በመምህሩ ቁጣ ምክንያት የተጎዱም የነበሩበት ትምህርት ቤት ነው። ከጥንካሬውም ሆነ ከጥፋቱ እኛ መምህራን የምንማረው አለን። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቤዝ ጠባይና ተግባር

ደብል ቤዝ ወይም ኮንትራባስ የሚባለው መሣሪያ ከቫዮሊን ዘመዶች ሁሉ ትልቁና ድምፁም የመጨረሻው ወፍራም ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ አራት ክሮች አሉት። የፊዚክስ መምህራን እንደሚያስተምሩት አንድ ክር በረዘመ፣ በወፈረና በላላ ቁጥር የሚርገበገበው በዝግታ ነው፤ በዝግታ በተርገበገበም መጠን ድምፁ ይወፍራል። የዚህ መሣሪያ ወፍራም ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ብቻ ይርገበገባል። ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን የሚቃኙበት የተለመደው ድምፅ በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ መሆኑን ስናስብ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ግልጽ ይሆንልናል።

በሲምፎኒ ኦርኬስትራ ውስጥ ቤዝ በአብዛኛው የሚመታው በደጋን ነው፤ በጃዝ ውስጥ ግን ክሩ በጣት ይቆነጠራል። ተግባሩም ሁለት ነው። አንደኛው ጊዜ መጠበቅ ነው፤ ተጫዋቹ እንደ መንገደኛ እርምጃ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ምቱን ሳያዛንፍ ይሄዳል። ሁለተኛው ዜማው በየትኛው የድምፅ ጥምረት ላይ እንደ ደረሰ መሠረቱን እያሰማ ማመልከት ነው። ጃዝ በአብዛኛው ተጽፎ የሚነበብ ሳይሆን ተጫዋቹ እዚያው መድረክ ላይ እየፈጠረ የሚያሰማው ሙዚቃ ነውና ይህ ሁለተኛው ተግባር እጅግ አስፈላጊ ነው። ቅኔ የሚዘርፍ ሰው የፈለገውን ምስጢር ቢያመጣም የቅኔውን ልክ እንደማይለቅ ሁሉ፣ ጃዝ ተጫዋችም የቱንም ያህል አዲስ ነገር ቢፈጥር ከዜማው ልክ አይወጣም። ያን ልክ ይዞ የሚጠብቅለት ደግሞ ቤዙ ነው። እንግዲህ የቤዝ ተጫዋች የራሱን እየተጫወተ የሁሉንም የሚያዳምጥ ሰው ነው ማለት ይቻላል።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ቻርልስ ሚንገስ የተወለደው ሚያዝያ ወር 1922 በአሪዞና ክፍለ ሀገር ኖጋሌስ በምትባል የድንበር ከተማ ነው። አባቱ የጦር ሠራዊት ባለማዕርግ ነበሩ። እናቱ እሱን ከወለዱ ከጥቂት ወራት በኋላ ስለሞቱ ያደገው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዋትስ በሚባለው ሰፈር በእንጀራ እናት እጅ ነው። በቤታቸው እንዲሰማ የሚፈቀደው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ብቻ ነበር። በጭብጨባ፣ በእልልታና በመቀባበል የሚዘመረው የዚያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ በኋላ በሥራዎቹ ሁሉ ውስጥ ሲያስተጋባ ይገኛል። ከዚያ ውጭ ገና በልጅነቱ ልቡን የማረከው በራዲዮ የሰማው የዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራ ነበር። ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ሙዚቃውን ያሰማ ስለሆነ በዕድሜ የገፉ አንባብያን ያስታውሱት ይሆናል።

ልጁ መጀመሪያ ትሮምቦን ሞከረ፤ ቀጥሎ ቼሎ ያዘ። ዓላማው የክላሲካል ሙዚቃ ተጫዋች መሆን ነበር። ነገር ግን ያኔ በአሜሪካ የሲምፎኒ ኦርኬስትራ በር ለጥቁር ሰው ዝግ ነበር። እሱ ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ላይ እንደሚያወሳው፣ የልጅነት ወዳጁ በዲ ኮሌት ይህንኑ እቅጩን ነገረው፤ ጥቁር በመሆኑ በቼሎ የትም እንደማይደርስ አስረድቶ ወደ ቤዝ እንዲዞር መከረው። ሚንገስ ምክሩን ተቀበለ። ስለዚህ የዚህ ሰው የሙያ ምርጫ ሲነሣ በሩ ከተዘጋበት ክፍል ፊት ቆሞ ሌላ በር የፈለገ ወጣት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

መሣሪያውን ከያዘ በኋላ ግን እንደ ተራ ነገር አላየውም። ሬድ ካሌንደር ከተባለ የጃዝ ቤዝ ተጫዋች ተማረ። ከዚያም በኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ያገለገሉት ኸርማን ራይንስሃገን ዘንድ አምስት ዓመት ተምሮ የክላሲካሉን የአያያዝና የጣት ስልት ጠንቅቆ አወቀ። የቅንብርን ትምህርት ደግሞ ሎይድ ሪስ ከተባሉ መምህር ቀሰመ። በሌላ አነጋገር አንድ እግሩ በጃዝ፣ ሌላው እግሩ በክላሲካል ትምህርት ላይ ቆሞ አደገ ማለት ነው።

በአጃቢነት ያሳለፋቸው ዓመታት

ሚንገስ መሪ ከመሆኑ በፊት ከ10 ዓመት በላይ ሌሎችን አጅቧል። የእነዚህ ዓመታት ልዩ ጥቅም የጃዝን ታሪክ ከመጻሕፍት ሳይሆን ከባለቤቶቹ አፍ እንዲማር ማድረጋቸው ነው።

በ1940ዎቹ መጀመሪያ ከኒው ኦርሊንስ የመጣው የቀድሞው ትውልድ ዘንድ ሠራ፤ ከክላሪኔት ተጫዋቹ ከባርኒ ቢጋርድ፣ በ1943 ደግሞ ከትራምፔቱ ንጉሥ ከሉዊ አርምስትሮንግ ጋር ተጫውቷል። ከ1947 እስከ 1948 በላዮነል ሃምፕተን ትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ ሠርቷል። አጃቢ ሆኖ ሳለ አቀናባሪነቱ መታየት የጀመረውም እዚህ ነው፤ ሃምፕተን በ1947 የሚንገስን ድርሰት ሸክላ ላይ አስቀረጸለት። የድርሰቱም ስም «የሚንገስ ጣቶች» የሚል ትርጉም አለው።

በ1950 የቫይብራፎን ተጫዋቹ ሬድ ኖርቮ ሦስት ሰዎች ብቻ ባሉበት ባንድ ውስጥ አስገባው። ከዚያ ቀደም ብሎ ሚንገስ ሙዚቃው እንጀራ አልሆን ብሎት ለፖስታ ቤት ደብዳቤ ያድል ነበር። ይህ ባንድ ቫይብራፎን፣ ጊታርና ቤዝ ብቻ የነበረው እንጂ ድራም አልነበረውም። የሚጫወቱት ደግሞ እጅግ ፈጣን ሙዚቃ ነበር። ድራም በሌለበት ጊዜ የሚጠብቀው ቤዙ ብቻ ስለሆነ የሚንገስ ጣቶች ምን ያህል የሠለጠኑ እንደነበሩ ዓለም ያወቀው በዚህ ባንድ ነው።

በ1951 ወደ ኒው ዮርክ ተዛወረ። በዚያም የጃዝን አካሄድ የለወጡትን ቻርሊ ፓርከርን፣ በድ ፓወልንና ማይልስ ዴቪስን አጀበ። በ1953 መጀመሪያ ላይ የልጅነት ሕልሙ ተሳክቶ በዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራ ውስጥ ገባ። ይሁን እንጂ የቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ከትሮምቦን ተጫዋቹ ከኋን ቲዞል ጋር ተጣልቶ በነገሩ ምክንያት ተሰናበተ። ኤሊንግተን ሰው በማባረር የሚታወቅ መሪ አልነበረም፤ በገዛ ቃሉ ካሰናበታቸው በጣም ጥቂት ሰዎች አንዱ ይህ ከማንም በላይ ያከብረው የነበረው ወጣት ሆነ። ቁጣው የሚወደውን ነገር ሲያሳጣው የምናየው ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ የመጨረሻው ግን አልሆነም።

ያልተሰማው ቤዝ

ግንቦት 15 ቀን 1953 በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ፣ ማሲ ሆል በተባለው አዳራሽ አምስት ሰዎች አብረው ተጫወቱ፤ ቻርሊ ፓርከር፣ ዲዚ ጊሌስፒ፣ በድ ፓወል፣ ማክስ ሮችና ሚንገስ ነበሩ። አምስቱ አንድ ላይ ሆነው ድምፃቸው የተቀዳው በዚህ ምሽት ብቻ ነው። በዚያው ሌሊት ለዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮና የሚደረግ የቦክስ ግጥሚያ ስለነበረ ብዙው ወንበር ባዶ ሆኖ ቀረ፤ በገቢው ማነስ ምክንያትም ሙዚቀኞቹ ክፍያቸውን በወጉ አላገኙም።

ሚንገስ ግን የተቀዳውን ክር ይዞ ወደ ኒው ዮርክ ተመለሰ። በቀደመው ዓመት፣ በ1952፣ ከማክስ ሮች ጋር ሆኖ ዴቡት የተባለ የሸክላ አሳታሚ ድርጅት መሥርተው ነበርና በዚያ ሊያወጣው አሰበ። ክሩን ሲያዳምጠው ትራምፔቱም፣ ሳክስፎኑም፣ ፒያኖውም፣ ድራሙም አለ፤ የራሱ ቤዝ ግን አይሰማም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ስቱዲዮ ገብቶ የራሱን ድርሻ በላዩ ላይ እንደገና ተጫወተ።

ይህ ትንሽ ታሪክ የአጃቢን ሕይወት ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ይገልጠዋል። ሁሉን ተሸክሞ የቆመው ሰው በመጨረሻ ሲደመጥ የለም። የሸክላው ድርጅት ባለቤት እሱ ባይሆን ኖሮ ያ ቤዝ እንደ ጠፋ ይቀር ነበር። ጥቁር ሙዚቀኞች የሥራቸው ባለቤት መሆን አለባቸው የሚለው አቋሙም ከዚህ ዓይነቱ ልምድ የመነጨ ነው።

«ዎርክሾፕ» የተባለው ትምህርት ቤት

ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሚንገስ የራሱን ባንድ «ጃዝ ዎርክሾፕ» ብሎ ጠራው። ዎርክሾፕ ስንል መኪና የሚፈታበት፣ ብረት የሚበየድበት፣ እጅ ዘይት የሚነካበት የሥራ ቦታ ትዝ ይለናል። እሱም የፈለገው ይህንኑ ነው። በተመልካች ፊት ሳይቀር ሙዚቃው ሲበላሽ ያስቆመዋል፤ ስሕተቱን ይናገራል፤ ከመጀመሪያው ያስጀምራል። ተመልካቹ የሚያየው ያለቀ ዕቃ ሳይሆን ዕቃው ሲሠራ ነበር።

የማስተማር ዘዴው እኛን የሚመለከት ስለሆነ ጥቂት ሰፋ አድርገን እንየው። ሚንገስ ኖታ አጥርቶ የሚጽፍ ሰው ነበር። ሆኖም በ1956 ባወጣው «ፒቴካንትሮፐስ ኢሬክተስ» በተሰኘው ሸክላ ልባስ ላይ እንዳስረዳው፣ የተጻፈ ኖታ ለተጫዋች መስጠት አቆመ። በዚህ ፈንታ ዜማውን በፒያኖ እየተጫወተ፣ አንዳንዴም በአፉ እያንጎራጎረ ለየአንዳንዱ ሰው ድርሻውን በጆሮው ያስተምረዋል። መሠረቱን፣ የድምፅ ጥምረቱንና የዜማውን መንፈስ ካስያዘ በኋላ በዚያ ክልል ውስጥ የሚጫወተውን ራሱ ተጫዋቹ እንዲመርጥ ይተውለታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ወረቀት የሚያነብ ሰው ዐይኑ ወረቀቱ ላይ ነው፤ በጆሮው የተማረ ሰው ግን ጆሮው ጓደኛው ላይ ነው። ዜማና ንባብ ከመምህር አፍ በቃል በሚወረስበት አገር ላደግን ለእኛ ይህ ዘዴ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

የዘዴው ፍሬ በሁለት ተማሪዎች ላይ ይታያል። አንደኛው ጃኪ ማክሊን የተባለው ወጣት ሳክስፎን ተጫዋች ነው። በዚያ ዘመን እንደ ነበሩት ወጣቶች ሁሉ እሱም ቻርሊ ፓርከርን ይቀዳ ነበር። ሚንገስ ግን የሌላውን ትቶ የራሱን ድምፅ እንዲያወጣ ያለ ማቋረጥ ወተወተው፤ ማክሊንም በኋላ ዘመን የራሱን መንገድ እንዲያገኝ ሚንገስ እንደረዳው መስክሯል። ሁለተኛው ዳኒ ሪችመንድ ነው። ይህ ሰው ሳክስፎን ሲጫወት ቆይቶ ወደ ድራም የዞረ፣ በድራምም ገና ጀማሪ የነበረ ነው። ሚንገስ በጀማሪው ውስጥ የወደፊቱን ሰው አይቶ ያዘው፤ ሪችመንድም 20 ዓመት ለሚያህል ጊዜ የቀኝ እጁ ሆነ። የሚንገስ ሙዚቃ በድንገት ሲፈጥን፣ ሲዘገይ፣ ጭራሽም ሲቆም ቤዙና ድራሙ እንደ አንድ ሰው አብረው ሲሄዱ የሚሰማው ከዚህ የረጅም ጊዜ ጉድኝት የተነሣ ነው።

ቤዝ ተጫዋች ባንድ ሲመራ ምን ይመስላል? በ1957 የወጣውና «የሃይቲ የትግል ዜማ» የሚል ትርጉም ያለው ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው። መጀመሪያ ቤዙ ብቻውን ይናገራል፤ ለረጅም ጊዜ ማንም አይገባበትም። ቀጥሎ ቤዙ አንዲት አጭር ሐረግ እየደጋገመ መምታት ይጀምራል። ሌሎቹ አንድ በአንድ በዚያ ላይ ይጨመራሉ፤ እየሞቀ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ሁሉም በአንድነት ይጮኻል። መሪው ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ ዘንግም አላወዛወዘም። ከታች ሆኖ ወለሉን ከፍ ሲያደርገው በላዩ የቆሙት ሁሉ አብረው ከፍ አሉ።

በትምህርት ቤት በር ላይ የቆመ ወታደር

1959 ለሚንገስ ታላቅ ዓመት ነበር። በግንቦት ወር የቀዳው «ሚንገስ አህ አም» የተሰኘው ሸክላ እስከ ዛሬ ድረስ ከጃዝ ምርጥ ሥራዎች መካከል ይቆጠራል። በውስጡ የልጅነቱን ቤተ ክርስቲያን የሚያስታውስ ዜማ አለ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ለሞተው ለሳክስፎን ተጫዋቹ ለሌስተር ያንግ የተደረሰ ሐዘንም አለ። ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን ግን ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው «የፎበስ ተረቶች» የሚል ትርጉም ያለው ድርሰት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 ተማሪዎችን በቀለም ለይቶ ማስተማር ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይስማማ ወሰነ። በመስከረም 1957 ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች በአርካንሶ ክፍለ ሀገር በሊትል ሮክ ከተማ ወደሚገኘው ሴንትራል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊገቡ ሲሄዱ፣ የክፍለ ሀገሩ ገዥ ኦርቫል ፎበስ በጦር መሣሪያ የታጠቀ ብሔራዊ ዘብ አስቆሞ ከለከላቸው። በመጨረሻ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፌዴራል ጦር ልከው ልጆቹ በወታደር ታጅበው ገቡ። በሚቀጥለው የትምህርት ዓመት ገዥው የከተማይቱን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እስከ መዝጋት ደረሰ።

ሚንገስ በዚህ ሰው ላይ የጻፈው ሙዚቃ የቁጣ ጩኸት አይደለም፤ የሚያነክስ፣ የሚያሾፍ፣ ትልቅ ነኝ ባይን እንደ ሰርከስ ቀልደኛ የሚያስኬድ ዜማ ነው። ግጥምም ነበረው። በ1959 ሸክላውን ያሳተመው የኮሎምቢያ ድርጅት ግን ግጥሙ እንዲወጣ ስላልፈቀደ በመሣሪያ ብቻ ተቀዳ። በ1960 ሚንገስ ያንኑ ሥራ ካንዲድ ለተባለ ሌላ ድርጅት ከነግጥሙ ቀዳው፤ በዚህኛው እሱና ሪችመንድ እየተቀባበሉ፣ አንዱ እየጠየቀ ሌላው እየመለሰ፣ በገዥው ላይ ሲሳለቁበት ይሰማል። በልጅነቱ ከቼሎ ያባረረው ያ የተዘጋ በርና በሊትል ሮክ የተዘጋው በር አንድ መሆናቸውን ያወቀ ሰው ሥራ ነው።

የቁጣው ዋጋ

እስካሁን የተባለው ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን እውነቱን ግማሹን ብቻ መናገር ለመምህር አይገባም። ሚንገስ ቁጡ ነበር። መድረክ ላይ ተጫዋቹን ይሰድባል፤ የሚያወራ ተመልካች ካለ ሙዚቃውን አቁሞ ይገሥጻል። ቁጣው በዘረኝነት ላይ ሲያርፍ ታላቅ ሥራ ወለደ፤ በገዛ ባንዱ ላይ ሲያርፍ ግን ጉዳት አመጣ።

በጥቅምት 1962 በኒው ዮርክ ታውን ሆል አዳራሽ ትልቅ ኦርኬስትራ ይዞ ሊቀርብ ተዘጋጅቶ ነበር። ጊዜው አጠረ፤ ኖታው አላለቀም። ሙዚቃው በሚሰማበት ሰዓት እንኳ ኖታ ገልባጮች መድረኩ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ይጽፉ ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ለዓመታት አብሮት የሠራው የትሮምቦን ተጫዋቹ ጂሚ ኔፐር ተጨማሪ የቅንብር ሥራ እንዲሠራ ተጠይቆ፣ ሙዚቃው ያንተ ስለሆነ አንተው ጻፈው በሚል እምቢ ይላል። ሚንገስ አፉን በቡጢ መታው። ትሮምቦን የሚነፋ ሰው ኑሮው በከንፈሩና በጥርሱ ላይ ነው። ኔፐር ጥርሱ ተሰበረ፤ ቀድሞ የሚያወጣቸውን ቀጫጭን ከፍተኛ ድምፆችም አጣ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ሚንገስ ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝም ቅጣቱ በገደብ ታለፈ። የሚያስደንቀው ኔፐር ከዓመታት በኋላ፣ በ1970ዎቹ ማብቂያ ገደማ፣ ተመልሶ ከእሱ ጋር መጫወቱ ነው። ይቅርታው የኔፐርን ትልቅነት ያሳያል እንጂ የሚንገስን ጥፋት አያሳንስም።

ይህን ክፍል ስጽፍ የራሴን ነገር አልረሳሁም። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሠልጣኝ ለልምምድ ማስተማር ያዘጋጀውን የትምህርት ዕቅድ፣ በችኮላ የተሠራ ነው ብዬ በጓደኞቹ ፊት ቀደድኩበት። እኔ በጥራት አልደራደርም የምል መምህር ነበርኩ። ልጁ አልመለሰልኝም፤ ወረቀቱን ለቃቅሞ ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ወዲያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ በእኔ ክፍለ ጊዜ እጁን አንሥቶ አያውቅም። የሚሠራቸው ዕቅዶች ከዚያ በኋላ እንከን አልነበራቸውም፤ ሁሉም ግን ከመጽሐፍ የተቀዱ ነበሩ። እኔ የፈለግሁትን ጥራት አገኘሁ፤ የልጁ የራሱ ድምፅ ግን ጠፋ። የኔፐርን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ ሠልጣኝ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ከታውን ሆል ውድቀት በኋላ ሚንገስ በጥር 1963 በ11 ሙዚቀኞች የቀዳው የረቀቀ ሥራ ዝናውን መለሰለት። በ1964 ኤሪክ ዶልፊ ከሚገኝበት ባንድ ጋር አውሮፓን ዞረ፤ ዶልፊ ግን እዚያው ቀርቶ በሰኔ ወር በበርሊን በ36 ዓመቱ ሞተ። ይህ ሞት ሚንገስን ክፉኛ ጎዳው። በ1966 የሙዚቃ ትምህርት ቤት ላቋቁምበት ብሎ ከተከራየው የኒው ዮርክ ቤት በክርክር ተባርሮ ንብረቱ መንገድ ላይ ሲጣል የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም አለ። ቤዙ ጭምር ከዕቃው መካከል ወጥቶ ይታያል። ለጥቂት ዓመታትም ከመድረክ ራቀ።

በ1971 ነገሮች ተቃኑ። የሕይወት ታሪኩ ታተመ፤ ለአቀናባሪዎች የሚሰጠውን የጉገንሃይም ሽልማት አገኘ፤ በበፋሎ በሚገኘው የኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲም ለአንድ ሴሚስተር ቅንብር አስተማረ። በ1972 ያወጣው ትልቅ ሥራ ስም «ልጆቼ ሙዚቃ ይስሙ» እንደ ማለት ነው። ከሥራው ጋር በወጣው ጽሑፍ ላይ ማንኛውም የጃዝ ተጫዋች እየተጫወተ የሚደርስ አቀናባሪ መሆኑን አስረድቷል።

በ1977 ማብቂያ ላይ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያሽመደምድ የነርቭ በሽታ እንደያዘው ታወቀ። መጀመሪያ የከዱት እነዚያ ጣቶች ናቸው። ቤዝ መያዝ ሲያቅተው በፒያኖ ደረሰ፤ ፒያኖም ሲያቅተው ዜማውን ለመቅረጸ ድምፅ እያንጎራጎረ ደረሰ። ተጫዋቾቹን በጆሮ ያስተምር የነበረው ሰው በመጨረሻ የቀረው ያው ድምፁ ነበር። በሰኔ 1978 ፕሬዚዳንት ካርተር በዋይት ሀውስ ባደረጉት የጃዝ በዓል ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ተገኘ። የተሰበሰበው ሕዝብ ቆሞ ሲያጨበጭብለት አለቀሰ፤ ፕሬዚዳንቱም ቀርበው አቀፉት። ጥር 5 ቀን 1979 በሜክሲኮ፣ ኩዌርናቫካ ከተማ፣ በ56 ዓመቱ አረፈ።

ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1989፣ «ኤፒታፍ» የተባለውና ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጀው ግዙፍ ድርሰቱ በገንተር ሹለር መሪነት በ30 ሙዚቀኞች ኒው ዮርክ ውስጥ ተሰማ። በታውን ሆል ተጣድፎ ሊያሰማው ሞክሮ ያልሆነለት ሙዚቃ ብዙው በዚህ ውስጥ ይገኛል። በ1993 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ጽሑፎቹን ተረክቦ አስቀመጠ። በ2009 ደግሞ በኒው ዮርክ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የእሱን ሙዚቃ እየተጫወቱ የሚወዳደሩበት በዓል ተጀመረ። ያሰበው ትምህርት ቤት እሱ በሕይወት ሳለ አልቆመም፤ ተማሪዎቹ ግን መጡለት።

ለመምህሩ ምን ይጠቅማል?

ከዚህ የሥራ ሕይወት ለክፍላችን የሚሆኑ ሦስት ነገሮችን መውሰድ ይቻላል።

አንደኛ፣ መምራት የሚጀምረው ከማጀብ ነው። ሚንገስ ከ10 ዓመት በላይ የሌሎችን ሙዚቃ ደግፎ ከያዘ በኋላ ነው የራሱን ያቆመው። አዲስ መምህርም ነባሩን መምህር ተቀምጦ ማዳመጥን፣ ተማሪ ሲናገር ሳያቋርጡ መስማትን ካልለመደ በጥቁር ሰሌዳው ፊት ስለቆመ ብቻ መሪ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ መሠረቱን አጥብቆ አስይዞ ምርጫውን ለተማሪው መተው ነው። ያለ መሠረት ነጻነት ብቻ ቢሰጥ ሁከት ይሆናል፤ መሠረት ብቻ ሰጥቶ ነጻነት ቢነፈግ ደግሞ ቅጂ ይሆናል። ከቻላችሁ የሙዚቃ ወይም የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ከላይ የጠቀስነውን የሃይቲ ዜማ አሰሙና ተማሪዎቻችሁ የሚነፉትን ትተው ቤዙን ብቻ እንዲከተሉ ጠይቁ። ከሙዚቃው በስተጀርባ ማን ምን እንደሚሸከም መስማት ከቻሉ ከክፍሉም በስተጀርባ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ጓደኛቸውን መስማት ይለምዳሉ።

ሦስተኛ፣ ጥራትን መፈለግና ሰውን መስበር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሚንገስ ታላቅ የሆነው በቁጣው ነው የሚሉ አሉ፤ ታሪኩ ግን እንዲህ አያሳይም። ማክሊንን ያወጣው፣ ሪችመንድን ከጀማሪነት ያሳደገው ጆሮው ነው፤ ቁጣው ያተረፈለት ከኤሊንግተን መባረርንና የወዳጅ ጥርስ መስበርን ነው። ቤዝ ሌሎችን ተሸክሞ ማቆም እንጂ መጣል ሥራው አይደለም፤ የመምህርም እንዲሁ ነው።